የሚያብለጨልጨውና የሚነካው፤ ስለ ብረታ ብረት ልባጥና ስለ ኤሌክትሪክ በባቢሌ የቀረበ ዲስኩር



ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው ጎዳና ላይ ተቀምጣ፣ ስሟ ከማዕድን ውሃዋና ከለውዟ ጋር በአገሩ ሁሉ በሚጠራው በዚህች በባቢሌ ከተማ፣ ሶማሌው ከኦሮሞው፣ ሐረሪው ከአማራው ጎን ለጎን በተቀመጠበት በዚህ ጉባኤ ፊት ቆሜ ስለ ብረታ ብረት ልባጥ ልናገር ነው። አንዳንዶቻችሁ ርእሱን በሰማችሁ ጊዜ «ይህ የአንጥረኛና የመካኒክ ጉዳይ እንጂ ለጉባኤ የሚቀርብ ነገር ነውን?» ብላችሁ ሳታስቡ እንዳልቀራችሁ እገምታለሁ፤ እኔም ብሆን ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ከተማ ላይ የገጠመኝ አንድ ነገር ባይኖር ኖሮ ከእናንተ የተለየ አሳብ ባልነበረኝም ነበር።

በዚያን ቀን ከሐረር የተሳፈርሁበት ሚኒባስ ለዕረፍት እዚህ ቆሞ፣ ተሳፋሪው ለውዙን ገዝቶና ሻዩን ጠጥቶ ከተመለሰ በኋላ፣ ሾፌሩ ቁልፉን ቢያዞረው ሞተሪኖው እንደ ደከመ በሬ አንድ ጊዜ ቃተተና ዝም አለ። ረዳቱ ኮፈኑን ከፈተ። ባትሪው አዲስ ነው፤ ካቦው ወፍራም ነው፤ ካቦውን ከባትሪው ራስ ጋር የሚያስረው ክላምፕም በዚያው ሳምንት ተገዝቶ የገባ፣ እንደ መስተዋት ፊት የሚያሳይ ነበር። ከአጠገባችን ሻይ ይጠጡ የነበሩ አንድ የዕድሜ ባለጸጋ የከባድ መኪና ሾፌር ቀረብ ብለው ተመለከቱና ክላምፑን እንዲፈታው አዘዙት።

«አቦ ጋሼ፣ ክላምፑ እኮ አዲስ ነው! እንዴት እንደሚያብለጨልጭ አያዩትም?» አለ ረዳቱ።

«የሚያብለጨልጨውማ የውጪው ነው አቦ፤ ባትሪውን የሚነካው የውስጡ ነው» አሉት።

በተፈታም ጊዜ ውስጡ በነጭና በአረንጓዴ ዱቄት ተሸፍኖ፣ ልባጡም በአሲዱ ትነት ተበልቶ ከሥሩ ያለው ብረት ገጥጦ ተገኘ። ሽማግሌው በሰንጢ ፋቁት፤ ሙቅ ውሃ አፈሰሱበት፤ በጨርቅ አድርቀው ዳዶውን ጠበቅ አደረጉት፤ መኪናውም በአንድ ቁልፍ ተነሣ። እኔ ግን ካራማራን እስክንሻገር ድረስ ንግግራቸው ከጆሮዬ አልጠፋም፤ በትምህርት ቤት በብዙ ገጽ ያነበብሁትን ነገር እርሳቸው ሻያቸው ሳይቀዘቅዝ ተናግረው ጨርሰውት ነበርና።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። ሞተሪኖው መኪናውን ለማስነሣት 150 አምፔር ያህል ይስባል ብንልና በክላምፑና በባትሪው ራስ መካከል የተቀመጠው ዱቄት ከአንድ ኦም ከኀምሳ እጅ አንዱን፣ ይኸውም 0.02 ኦም ያህል ተቃውሞ ቢያቆም፣ ከ12ቱ ቮልት 3ቱ ሞተሪኖው ዘንድ ሳይደርሱ እዚያው በር ላይ ይቀራሉ፤ 450 ዋት የሚያህል ኀይልም ከንቱ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። የሚያስደንቀው ግን የባትሪው ራስ ራሱ ከእርሳስ የተሠራ መሆኑ ነው፤ እርሳስ ኤሌክትሪክን በማስተላለፍ ረገድ ከመዳብ ጋር ሲነጻጸር ከመቶ 8 እጅ ብቻ የሚሠራ ሰነፍ ብረት ሲሆን፣ ወፍራምና አጭር ስለ ሆነ ማንንም አያስቸግርም። ጉዳቱ የመጣው ከሰነፉ እርሳስ ሳይሆን እንደ ሻማ ጭስ ከሳሳችው ንጣፍ ነው።

«ለበጠ» የሚለው ግስ ለቋንቋችን እንግዳ አይደለም። ኦሪት ዘጸአትን ያነበበ ሁሉ ባስልኤል ታቦቱን ከእንጨት ሠርቶ በውስጥም በውጭም በወርቅ እንደ ለበጠው ያስታውሳል፤ የግዙፉ አካል ሌላ፣ የገጹ ክብር ሌላ የሚሆንበት ይህ ጥበብ በእኛም ምድር ጥንታዊ ነው። የአክሱም ነገሥታት በ3ኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ገደማ ከእንዱቢስ ጀምረው በስማቸው ገንዘብ ያስመቱ ነበር፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው አፊላስ ደግሞ ከብር ባስመታቸው ትንንሽ ገንዘቦች ላይ ወርቅ ያስለብጥ ነበር፤ ተከታዮቹም ብዙዎቹ ከብሩም አልፈው በመዳቡ ገንዘብ ላይ ሳይቀር፣ በንጉሡ ምስል ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ፣ ስስ ወርቅ አኑረዋል። ይህን በማድረግ ከጎረቤት መንግሥታት ሁሉ የተለዩ ነበሩ። አሳባቸው ስለ ክብር እንጂ ስለ ኤሌክትሪክ እንዳልነበረ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ዛሬ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣውን የአክሱም መዳብ የተመለከተ ሰው፣ መዳቡ በአረንጓዴ ዝገት ተውጦ ሳለ በመካከሉ ያለችው የወርቅ ነጥብ ትናንት እንደ ተቀባች ስታበራ ያያል። ይህችን ነጥብ በልባችሁ ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ብረታ ብረት ሁሉ ኤሌክትሪክን በእኩልነት አያስተላልፍም። ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1913 ተስማምተው በእሳት የለዘበውን ንጹሕ መዳብ 100 ብለው መስፈሪያ ስላደረጉት፣ ሌላውን ሁሉ በእርሱ እንለካለን፤ በዚህ መስፈሪያ ብር 105 ያህል፣ ወርቅ 70 ያህል፣ አሉሚኒየም 61፣ ዚንክ 28፣ ኒኬል 24 ያህል፣ ብረት 17፣ ቆርቆሮ 15፣ ክሮም 13 ገደማ ይሆናሉ። (ቆርቆሮ ስል የቤት ክዳኑን ማለቴ አይደለም። እኛ «ቆርቆሮ» ብለን በጣራችን ላይ የምንመታው ዚንክ የለበሰ ብረት ነው፤ እውነተኛው ቆርቆሮ ግን ሬዲዮ ጠጋኙ «ስታኞ» እያለ በሚያቀልጠው ውስጥ ያለው ለስላሳ ነጭ ብረት ነው። ስም ከዕቃ ወደ ዕቃ ሲሰደድ እንዲህ ያለ መደናገር ያመጣል።) እንግዲህ ይህን ተራ የሰማ ሰው ወዲያው ሁለት ጥያቄ ያነሣል፤ አንደኛው፣ ወርቅ ከመዳብ የሚያንስ ከሆነ ሰው ስለ ምን መዳብን በወርቅ ይለብጣል? ሁለተኛው፣ ኒኬልና ቆርቆሮ እንዲህ ሰነፎች ከሆኑ መዳቡን በእነርሱ መለበጥ ማበላሸት አይደለምን?

ለሁለተኛው ቀላል መልስ አለ። በትልቅ የኤሌክትሪክ ሣጥን ውስጥ የሚገኝ፣ ወርዱ 40 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ዘንግ ብንወስድ፣ ኤሌክትሪኩ የሚሄድበት ስፋት 200 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። በዙሪያው ሁሉ 5 ማይክሮን ውፍረት ያለው ልባጥ ብናለብሰው የልባጡ ስፋት ግማሽ ካሬ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ስለዚህ ልባጡ ብር ቢሆን ዘንጉ የሚያተርፈው ከአራት መቶ አንድ እጅ ያህል ሲሆን፣ ልባጡ ቆርቆሮ ቢሆን ደግሞ የሚያጣው ነገር የለም፤ መዳቡ እንዳለ ከሥር አለና። ብር የተለበጠ ዘንግ ገዝቶ «ኤሌክትሪኬ ፈጠነ» የሚል ሰው፣ ካባ ለብሶ ቁመቴ ጨመረ እንደሚል ሰው ነው።

የልባጥ ሥራ ሁሉ ያለው አንዱ ብረት ከሌላው ብረት በሚገናኝበት ሥፍራ ነው። እዚህ ላይ እናንተ የባቢሌ ሰዎች ከማንም በላይ የታደላችሁ ናችሁ፤ ከከተማችሁ ወጣ ብሎ የዳካታን ሸለቆ የሚያውቅ ሰው፣ ቤት የሚያህል አለት በሌላ አለት ጫፍ ላይ፣ ተመልካቹ አሁን ወደቀ እስኪል ድረስ፣ በጥቂት ቦታ ብቻ ተደግፎ መቆሙን በዓይኑ አይቷልና። ሁለት ብረቶች ቢገጠሙም ነገሩ እንዲሁ ነው። ለዓይናችን ለስላሳ የሚመስለው የብረት ገጽ በረቂቅ መሣሪያ ሲታይ ተራራና ሸለቆ ነው፤ በቡሎን የታሰሩ ሁለት ገጾችም ሙሉ በሙሉ የተሳሙ ይመስለናል እንጂ፣ በእውነት የሚነካኩት በጥቂት ጉብታዎች ራስ ላይ ብቻ ነው፣ የቀረው አየር ነው። ዕድሜውን ለዚህ ምርምር የሰጠው ስዊድናዊው ሊቅ ራግናር ሆልም በሰፊው እንዳስረዳው፣ በሰፊው ዘንግ ተዝናንቶ የመጣው ኤሌክትሪክ በእነዚህ ጠባብ ነጥቦች ለማለፍ ይጨናነቃል፤ የገበያ ቀን ሰው ሁሉ በሰፊው ሜዳ እንደ ልቡ መጥቶ በጀጎል በር ሲደርስ እንደሚጋፋው ነው።

ቡሎኑ ሲጠብቅ ጉብታዎቹ ይደፈጠጣሉ፣ የመነካኪያውም ቦታ ይሰፋል፤ ስለዚህ የላላ ዳዶ የስንቱን ቤት ሶኬት እንዳቃጠለ አትጠይቁኝ። ነገር ግን በዚያች ነጥብ ላይ ዝገት ከተቀመጠ ማጥበቁ ብቻውን አይረዳም። ልባጥን የምንመርጠው ለዚህ ነው፤ በበሩ ላይ ማን ይቁም የሚለውን ለመወሰን።

የወርቅ መልስም እዚህ ይገኛል። ወርቅ ከአየሩም ከእርጥበቱም ጋር አይዋሐድም፤ ያቺ የአክሱም ነጥብ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ያበራችበት ባሕርይ፣ በስልካችሁ ውስጥ ያለችውን ሲም ካርድ ቢጫ ገጽ ዛሬ የሚያገለግለው ያው ባሕርይ ነው። በሲም ካርዱ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ እጅግ ደካማ ስለሆነ የዝገትን ቅርፊት ሰብሮ የሚያልፍበት ጉልበት የለውም፤ ስለዚህ ቅርፊት የማያበቅል ገጽ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ወርቅን በቀጥታ በመዳብ ላይ ቢለብጡት፣ መዳቡ በጊዜ ብዛትና በሙቀት ቀስ እያለ በወርቁ ውስጥ ሰርጎ ወደ ላይ ይወጣና እዚያ ይዝጋል፤ ስለዚህ ጠቢባን በመካከላቸው ኒኬልን እንደ ግድግዳ ያቆማሉ። በመልካም መሰኪያ ላይ የሚኖረው ወርቅ 0.8 ማይክሮን ያህል ነው፤ መዋቢያ ያህል ብቻ የሳሳ እንደ ሆነ ግን እንደ ወንፊት ነውና ዝገቱ በቀዳዳው ይወጣል። በገበያ «ወርቅ ቅብ» እየተባለ በውድ የሚሸጠው መሰኪያ ሁሉ ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ ዓይን አይለየውም።

ብር ሌላ ጠባይ አለው። ከሁሉ የበለጠ አስተላላፊ ሆኖ ሳለ ድኝን ይወዳል፤ የእናቶቻችን የብር ጌጥ በሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ሲጠቁር ያየ ሰው የድኝን ሥራ አይቷል። ይህ ጥቁር ቅርፊት ደካማ ኤሌክትሪክን ያግዳል፤ ብርቱ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትና መጋጠሚያው በኀይል የሚፋተግበት ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያ ግን ቅርፊቱን እየሰበረ ይሄዳልና ብር በዚያ ቦታ ይመሰገናል። በማርያ ትሬዛ ብር ያደገው የዚህ አገር ሰው ሊያስብበት የሚገባ አንድ ስሌት ልጨምር። እያንዳንዱ ጠገራ ብር 28 ግራም ያህል ሲመዝን ከዚያ ውስጥ ንጹሑ ብር 23.4 ግራም ገደማ ነው። ጣሊያናዊው ብሩኛቴሊ እ.ኤ.አ. በ1805 በቮልታ ባትሪ አማካይነት ወርቅን ለመጀመሪያ ጊዜ ከለበጠና ሊቁ ፋራዴይም በ1834 የኤሌክትሪክ ልባጥን መጠን የሚወስነውን ሕግ ካወጣ ወዲህ፣ አንድ አምፔር በአንድ ሰዓት 4 ግራም ያህል ብር እንደሚያስቀምጥ እናውቃለን፤ ስለዚህ የአንዱን ጠገራ ብር ንጹሕ ብር በሙሉ ለመለበጥ አንድ አምፔር ስድስት ሰዓት ያህል ይበቃዋል፣ በ5 ማይክሮን ውፍረትም ቢነጠፍ ግማሽ ካሬ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ቀድሞ አንጥረኛው ወርቅን በባዜቃ ቀላቅሎ በእሳት ሲለብጥ ሳንባውን በባዜቃው ጢስ ያቃጥል ነበር፤ ኤሌክትሪክ ከዚህ አዳነው፣ ነገር ግን የዘመኑ የብርና የወርቅ ገንዳ ሲያናይድ የተባለ መርዝ የሚገባበት ስለሆነ በጓሮ የሚሞከር ነገር አይደለም።

ቆርቆሮ የድሀ ወዳጅ ነው። ቅርፊት ያበቅላል፤ ነገር ግን ቅርፊቱ ስስና ተሰባሪ፣ ከሥሩ ያለው ብረት ደግሞ ለስላሳ ስለሆነ፣ ጠንከር ብሎ ሲጫኑት ፀሐይ እንዳደረቀው የኩሬ ጭቃ ላዩ ተሰንጥቆ የውስጡ ንጹሕ ብረት ይወጣል። ስለዚህ የሽቦ ጫፍ ማሰሪያው ካፖኮርዳ ሁሉ ቆርቆሮ የለበሰ ሆኖ ታዩታላችሁ። ሁለት ድክመት አለው። አንደኛው፣ በተሽከርካሪ ላይ በመንቀጥቀጥ ብዛት ገጹ በፀጉር ስፋት ወዲህና ወዲያ ሲንሸራተት፣ ቅርፊቱ እየተሰበረና እንደገና እየበቀለ ጥቁር ትቢያ ይከምራል፤ በተለይ ወርቅ የለበሰ መሰኪያ ቆርቆሮ በለበሰ ማስገቢያ ውስጥ ሲገባ ይህ ክፉ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ተረት ይመስላል፤ ንጹሕ ቆርቆሮ ጢም ያበቅላል። ከልባጡ ላይ ያለ ማንም ረዳትነት ከፀጉር የቀጠነ የቆርቆሮ ክር ወጥቶ ያድግና ከጎረቤቱ ጋር ይገናኛል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1998 ጋላክሲ 4 የተባለው ሳተላይት ድንገት ሲሰናከል የብዙ ሚሊዮን አሜሪካውያን የኪስ መልእክት መቀበያ ዝም ያለው በዚሁ ጢም ምክንያት እንደ ሆነ ተነግሯል። ጥቂት እርሳስ ቢቀላቀልበት ጢሙ ይታገዳል፤ ነገር ግን የአውሮፓ ኅብረት ስለ ጤና ሲል እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ እርሳሱን ከብዙ ዕቃ ስላስወጣ፣ ጢሙ እንደገና መነጋገሪያ ሆነ።

ክሮምን ባጭሩ ልለፈው፤ ለመኪና መከላከያ ውበት እንጂ ለኤሌክትሪክ መጋጠሚያ የተፈጠረ አይደለም። ኒኬልም ጠንካራና ሙቀት ቻይ ቢሆንም ቅርፊቱ ግትር ነው፤ ያለ ኤሌክትሪክ በኬሚካል ብቻ የሚለበጠው፣ ፎስፎር የተቀላቀለበት ኒኬል ደግሞ ከንጹሑ ኒኬል ዐሥር እጥፍ ያህል ሊሰንፍ እንደሚችል ያልነገሩት ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ይገዛል።

ለከተማ ኑሯችን ከሁሉ የሚቀርበው ግን የምሰሶው ጉዳይ ነው። ከመንገዱ ምሰሶ ወደ ቤታችን የሚመጣው መስመር አብዛኛውን ጊዜ አሉሚኒየም ነው፤ በሚዛን እኩል ሲደረግ ከመዳብ ሁለት እጥፍ ያስተላልፋልና ለረጅም መስመር ተመርጧል። የቤታችን ውስጥ መስመር ደግሞ መዳብ ነው። አሉሚኒየም አየር እንደ ነካው ወዲያው ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ረቂቅ ቅርፊት ይለብሳል፤ ከዚህም ሌላ ሁለቱ ብረቶች በእርጥበት ውስጥ ተነካክተው ሲቀመጡ ራሳቸው ትንሽ ባትሪ ይሆናሉ፤ በዚያም ባትሪ ውስጥ ተበልቶ የሚያልቀው አሉሚኒየሙ ነው። ብዙ ወራት ደረቅ ሆኖ አቧራ የሚከማችበት፣ ከዚያም ዝናቡ በአንድ ጊዜ የሚወርድበት የእኛ ቆላ ለዚህ መበላላት የተመቸ ነው። ሁለቱን ሽቦዎች በፒንሳ ጠምዝዞ በፕላስተር የሚጠቀልል ሰው፣ በምሽት የቤቱ መብራት ሲዋልል «ኤሌክትሪኩ ደከመ» ብሎ መሥሪያ ቤቱን ይወቅሳል፤ ደክሞ የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ ያ ጥምዝ ነው። ባለሙያው የሚያስገባው፣ ቆርቆሮ የለበሰው የሁለት ብረት ማገናኛ ዋጋው ጥቂት ነው፤ ቆርቆሮው በአሉሚኒየምና በመዳብ መካከል በጠባይ አማካይ ስለሆነ እንደ አስታራቂ ሽማግሌ ይቆማል።

እስካሁን ልባጥ የበር እንጂ የመንገድ ጉዳይ አይደለም ስል ቆይቻለሁ፤ አንድ ቦታ ግን ራሴን እንዳርም እገደዳለሁ። በጣራችሁ ላይ ካለው ዲሽ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚወርደውን ካቦ ብትቆርጡት መካከሉ ላይ ያለው ሽቦ መዳብ ይመስላል፤ ማግኔት ብታቀርቡለት ግን ብዙ ጊዜ ይሳባል፣ ውስጡ ብረት ነውና። ይህ ማጭበርበር ነውን? አይደለም፤ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ የሚመላለስ ኤሌክትሪክ ወደ ሽቦው ልብ አይገባም፤ በቆዳው ላይ ብቻ ይሄዳል። በቤታችን የ50 ሄርዝ ኤሌክትሪክ በመዳብ ውስጥ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ሲጠልቅ፣ ከዲሹ የሚመጣው ምልክት ከ950 እስከ 2150 ሜጋ ሄርዝ ስለሆነ ከ2 ማይክሮን ያህል አይርቅም፤ ለእርሱ ልባጡ ራሱ መንገድ ነው፣ ከሥር ያለው ብረት እንደሌለ ይቆጠራል። በዚያው ሽቦ ወደ ላይ ወጥቶ በዲሹ ራስ ላይ ያለውን ምልክት ተቀባይ፣ ኤል ኤን ቢውን፣ የሚያሠራው የ13 ወይም የ18 ቮልት ኤሌክትሪክ ግን ቀጥተኛ ስለሆነ በሽቦው ሁለንተና ይሄዳልና ብረቱን ያገኘዋል፤ ስለዚህ ካቦው በጣም ሲረዝም ስዕሉ የሚጠፋበት ጊዜ አለ።

ይህ ለዲሽ የተፈቀደ ነገር ግን ለቤት መስመር አልተፈቀደም። መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም ሽቦ እንደ መዳብ ተቆጥሮ ሲሸጥ የሚያስተላልፈው ከመዳቡ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ነው፤ ማግኔትም አይስበውምና በማግኔት አይጋለጥም፣ ምላጭ ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ከጠረጴዛው ላይ ሦስት ቁራጭ ሽቦ አንሥቼ ከፊት ላሉት አባቶች እሰጣለሁ፤ ከእነርሱ ወደ ኋላ ይተላለፉ። አንዱ መዳብ ነው፣ አንዱ የዲሽ ካቦ ልብ ነው፣ አንዱ ከገበያ የተገዛ ነው፤ ሦስቱም ቀለማቸው አንድ ነው። ማግኔቱም ከእነርሱ ጋር ይሄዳል፤ ምላጩን ግን ልጆች ስላሉ እኔው ዘንድ አስቀርቼዋለሁ፣ ጫፉን መፋቅ የሚፈልግ ወደዚህ ይምጣ።